ካርታው ላይ የሌለው ጠምበለል

«ቲቸር፣ አሥራ አራተኛውን አልተሳሳትኩም» አለች ትሕትና፣ የፈተና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ።

መምህር አረጋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ከወረቀቱ ይልቅ እሷን አዩ። የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ የሚያስተምሩትም፣ የሳይንስ ክበቡን የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። «ከአርባ ሠላሳ ስምንት አምጥተሽ ታኮርፊያለሽ?»

«አላኮረፍኩም።»

አኩርፋለች እንጂ። ከንፈሯ አንድ ስንዝር ወጥቷል። ደግሞስ ለምን አታኮርፍ? ክበቡ በዚህ ፈተና አንደኛ የሚወጣውን ተማሪ ክረምት ላይ ደሴ ለሦስት ሳምንት የዕፅዋት ሥልጠና ይልካል። አንድ ተማሪ ብቻ። ትሕትና ይህን ሥልጠና ከመስከረም ጀምሮ ስትጠብቅ ከርማለች፤ ዘንድሮ ስምንተኛን ስለምትጨርስ ሌላ ዕድል የላትም። አንደኛ የወጣችው ግን ባንቺዓለም ናት፣ ሠላሳ ዘጠኝ አምጥታ። ባንቺዓለም አሥራ አራተኛውን «ሐሰት» ብላ ነው ያገኘችው። ጥያቄው ቢታረም ትሕትና ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ትወጣለች፣ ባንቺዓለም ወደ ሠላሳ ስምንት ትወርዳለች።

ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ባለ ሦስት ቅጠሉ ጠምበለል በላስታ ይበቅላል። እውነት ወይስ ሐሰት?»

ጠምበለልን የማያውቅ የለም። ራሱን ችሎ መቆም የማይሆንለት፣ ያገኘው ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚወጣ፣ ነጭ አበባው ከሩቅ የሚሸት ሐረግ ነው። ችግሩ፣ ሰው ሁሉ ጠምበለል እያለ የሚጠራው ሁለት የተለያየ ተክል መሆኑ ነው። ከአንድ ዘንግ ላይ አምስትም ሰባትም ሆኖ የሚወጣ ቅጠል ያለው አንዱ ነው፤ የትሕትና ሰፈር ሰዎች አጥራቸው ላይ የሚያሳድጉት እሱን ነው። ሦስት ሦስት ቅጠል ብቻ የሚያወጣው፣ እንቡጡ በውጭ በኩል ቀላ የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ሳይንስ ጃስሚነም አቢሲኒከም ብሎ ሰይሞታል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ በኬንያ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛል። ሁለቱም የሚመደቡት ከወይራ ጋር በአንድ ቤተሰብ ነው። መምህር አረጋ ይህን የነገሯቸው ቀን የክበቡ ልጆች አናምንም ብለው ነበር፤ ያ ጠንካራ ዛፍና ይህ ልፍስፍስ ሐረግ ምን አዛመዳቸው?

«መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉ መምህር አረጋ።

«መጽሐፉ ተሳስቷል።»

ከኋላዋ ክፍሉ «ኡኡ!» አለ።

መምህር አረጋ መሳቢያቸውን ከፍተው መጽሐፉን አወጡ። ከስምንት ዓመት በፊት ተመራማሪዎች ወሎን ዞረው ያዘጋጁት፣ ጠርዙ የተላላጠ መጽሐፍ ነው። ካርታው ያለበትን ገጽ ገልጠው ወደ እሷ አዞሩት። «ይኸው። ጥቁር ነጥብ ባለበት ሁሉ ተክሉን በዓይናቸው አይተው፣ ቅርንጫፉን ቆርጠው አድርቀው አስቀምጠዋል። ላስታ ላይ ነጥብ ይታይሻል?»

አይታያትም። በደቡብ በኩል ነጥብ አለ፣ በምሥራቅም አለ። ላስታ ግን ምላጭ እንዳለፈበት ራስ ባዶ ነው።

«እኔ አይቼዋለሁ። በእጄ ነክቼዋለሁ።»

«የት?»

ትሕትና የቦታውን ስም ልትጠራ አትችልም። ዘጠኝ ዓመቷ እያለ ቦታውን፣ የቅል ውኃን ሸለቆ፣ ያሳዩዋት አባቷ ናቸው። ያን ዕለት «ይህን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን፤ የዕፅ ቦታ በየሜዳው አይወራም» ብለዋታል። «አንድ ሸለቆ ውስጥ» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷም ደካማ መልስ መስሎ እየተሰማት።

መምህር አረጋ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጾች ገለጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «በላስታ መንገድ እየመሩ ተራራውንና ሸለቆውን ላሳዩን ለመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ምስጋናችን የላቀ ነው።» ከመጽሐፉ ቀና አሉ። «እኚህ ሰው ማን ናቸው?»

«አባቴ።»

«ታዲያ አባትሽ እየመሯቸው ያላዩትን አንቺ የት አየሽው?»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። የትሕትና ጆሮዎች ጋሉ። ማልቀስ አልፈለገችም፤ መጽሐፉን አንሥታ መወርወር ነው የፈለገችው። መምህር አረጋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሳቁ እንደበዛ ሲያዩ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ።

«ስሚኝ ትሕትና። እስከ ሐሙስ ቅርንጫፉን አምጪና ቅጠሉን አብረን እንቆጥራለን። ግን ቅርንጫፍ ብቻውን አይበቃኝም፤ ከየትም ሊመጣ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ለምን እንዳላዩት የሚያሳምነኝ ምክንያት እፈልጋለሁ። የሚሄደው ልጅ ስም አርብ ይለጠፋል። ከተለጠፈ በኋላ እኔ የለሁበትም።»

በእረፍት ሰዓት ባንቺዓለም የውኃ ቧንቧው አጠገብ አገኘቻት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? መጽሐፉ ተሳስቷል ይባላል እንዴ? እኔ በአንቺ ፋንታ ሼም ያዘኝ።»

«እስቲ ንገሪኝ ባንቺ። ስለዚያ ጠምበለል አምና ነግሬሽ አልነበር?»

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያ ለምን ሐሰት ብለሽ መለስሽ?»

«መጽሐፉ ላይ የለማ! ፈተናው የወጣው ከመጽሐፉ ነው እንጂ ከሸለቆሽ ነው እንዴ?»

ይህ ነው ሰውን የሚያናድደው። ባንቺዓለም እውነቱን እያወቀች የሚፈለገውን ጻፈች፤ አንደኛም ወጣች። ትሕትና ያየችውን ጻፈች፤ ተሳቀባት። ንዴቷን ያባባሰው ደግሞ ጓደኛዋን መጥላት አለመቻሏ ነው።

«ቅርንጫፉን ካመጣሁት አንቺ ትቀሪያለሽ» አለቻት።

ባንቺዓለም ትከሻዋን ሰበቀች። «ከቀረሁ ቀረሁ። በስሕተት በተገኘ ማርክ ደሴ ድረስ አልሄድም…» ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «ኧረ እሄዳለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ! ግን ከታረመ አልቀየምሽም። ወላሂ ብዬ ልማልልሽ?»

«አንቺን ብሎ ወላሂ! የቄስ ልጅ አይደለሽ እንዴ?»

«የክፍላችን ሰአዳ ናት ያስለመደችኝ» አለች ባንቺዓለም፤ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን የትሕትናን ጆሮ አላበረደውም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ጓሮ ናቸው። ክረምት ሳይገባ የማድቤቱን ግድግዳ ሊመርጉ ጭድ የተቀላቀለበትን ጭቃ በእግራቸው ያቦካሉ። መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ በደብሩ ዜማ ያስተምራሉ፤ ለጥርስም ለሆድም ዕፅ የሚቀምሙ በመሆናቸው በሽተኛ ከሩቅ ወደ እሳቸው ይመጣል።

«አባዬ» አለች ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «መጽሐፍ ላይ ያመሰገኑዎትን ተመራማሪዎች ቅል ውኃ ወስደዋቸው ነበር?»

መሪጌታ ጭቃውን መርገጣቸውን አቆሙ። «ምን አመጣው ዛሬ?»

«ወስደዋቸው ነበር ወይ?»

«ሦስት ቀን አዞርኳቸው። ቅል ውኃ ስንቃረብ መንገዱ ተንዷል ብዬ በላይ በኩል አሳለፍኳቸው።»

«ተንዶ ነበር?»

«አልተናደም።»

ትሕትና ብዙ ነገር ጠብቃ ነበር። ዝናብ ነው፣ ደክሟቸው ነው፣ ረስቼው ነው ይላሉ ብላ ነበር። ይህን ግን አልጠበቀችም። አባቷ ልጆቻቸው ለአንዲት ቁራሽ ዳቦ ሲዋሹ ካገኟቸው ሙሉ ቀን የሚቆጡ ሰው ናቸው።

«ዋሹዋቸው ማለት ነው።»

«ቃልሽን አስተካክዪ።»

«ታዲያ ምን ይባላል፣ አባዬ?»

መሪጌታ ከጭቃው ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «የዕፅ ቦታ እንዲህ አይነገርም። እኔን ያስተማሩኝ የኔታ አንዱን ሥር ለማሳየት አራት ዓመት አስጠብቀውኛል። ከእነዚያ እንግዶች በፊት አንድ ሰው እናቴ ታማብኛለች ብሎ አለቀሰብኝ። አዘንኩና ሌላ ዕፅ የበቀለበት ተዳፋት ወስጄ አሳየሁት። በሳምንቱ ጆንያና መቆፈሪያ ይዞ ተመለሰ፤ ሥሩን ነቃቅሎ ጋሸና ከተማ ወስዶ በመኪና ለሚያልፍ ነጋዴ ሸጠው። ያ ተዳፋት ዛሬም ጉድጓድ ብቻ ነው። እንግዶቹ ደግሞ ካርታ ላይ ነጥብ እናደርግለታለን አሉኝ። ዛሬ ነጥብ፣ ነገ ጉድጓድ ነው ብዬ ፈራሁ።»

«እነሱ ጆንያ ይዘው መጡ?»

«አልያዙም። ማን ይዞ እንደሚከተላቸው ግን አላውቅም።»

ነገሩ ትክክል የሚመስል መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። ለሐረጉ አስበዋል፤ እሺ። ለእሷስ ማን አሰበ? «ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። አባትሽ ያላሳዩትን አንቺ የት አየሽው ተብዬ ተሳቀብኝ! ቅርንጫፍ አምጪ ተብያለሁ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።»

«ዝም አይነቅዝም ልጄ። አንድ ማርክ ነው፤ ተዪው።»

«ማርክ አይደለም፣ ደሴ ነው!» አለችና ገባች። በሩን ቀስ ብላ አልዘጋችውም።

የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለሆነች ረቡዕ ጠዋት የራሷ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥታ የነአኩቶ ለአብን ገዳም መንገድ ይዛ ሄደች፤ ከዚያም ወደ ቅል ውኃ የሚወርደውን ቀጭን መንገድ ያዘች። ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከአባቷ ጋር ስትመጣ የምታውቃቸው አምስት ትልልቅ ወይራዎች ከወንዙ በላይ አሉ፤ ጠምበለሉ እነሱን ተጠምጥሞ ጫፋቸው ድረስ ወጥቶ ነበር። አበባው ሲፈካ ወይራው ራሱ ነጭ ያበበ ይመስላል።

ከአበባው ሽታ በፊት የጭስ ሽታ ተቀበላት። ወይራዎቹ በነበሩበት ቦታ አራት ጉቶ ቆሟል። ከጎኑ አፈር የለበሰ የከሰል ክምር ይጨሳል። ጠምበለሉ የሚይዘው ዛፍ ሲወድቅ አብሮ ወድቆ፣ ተቆራርጦ፣ ከቅርንጫፍ ክምር ጋር ተጥሏል። ከአምስቱ የተረፈው ከገደሉ ጫፍ የወጣው አንድ ወይራ ብቻ ነው፤ ሰው መጥረቢያ ይዞ ሊቆም የማይችልበት ቦታ ስለሆነ ነው የተረፈው። እሱ ላይ አንድ ሐረግ አለ።

«ማን ቁረጡ አላችሁ?» ብላ ጮኸች።

ከክምሩ ኋላ ፊቱ ጥላሸት የለበሰ ሰው ብቅ አለ። ደሳለ ይባላል፤ ከወንዙ ማዶ የሚኖር ገበሬ ነው። የንብ ቀፎው ማር ሳይሰጠው ቀርቶ አምና ከሰል ማክሰል ጀምሯል። «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

«የመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ!»

«ኧረ! የመሪጌታ! የልጄን ጥርስ ያዳኑልኝ እሳቸው አይደሉም? ነይ አረፍ በይ፣ ውኃ ልስጥሽ።»

«ውኃ አልፈልግም! ይህ ሐረግ ላስታ ውስጥ ያለው እዚህ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ያውቃሉ? እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ?»

ደሳለ ወደ ተጣለው ሐረግ ዞር ብሎ አየ፤ እውነት ግራ ገብቶታል። «ይሄ እግሬ ላይ እየተጠመጠመ ሲጥለኝ የነበረው? አምና የደን ባለሙያዎች መጥተው ነበር። መጽሐፍ ገልጠው አዩና ለየት ያለ የሚጠበቅ ነገር የለበትም ብለው ሄዱ። ያኔ ነው እኛም የጀመርነው። ብርቅ ነው ቢሉኝ እጄን እሰበስብ ነበር፣ በእናቴ። ግን ማን ነገረኝ?»

ትሕትና የጮኸችበት ሰው ጥፋት ያልተነገረውን አለማወቁ ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ መጮህ የነበረባት ሌላ ሰው ላይ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ጓሮ ውስጥ ጭቃ ያቦካል። ከባዕድ የተደበቀውን የራስ ሰው ከሰል አደረገው።

በገደሉ ጫፍ የቀረችውን ሐረግ አልነካቻትም። ከተጣለው ክምር ውስጥ ጠውልጎ ቅጠሉ ያልረገፈ አንድ ቅርንጫፍ መረጠች። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ጫፉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የወጡ ጥቁር ፍሬዎችም አሉበት። ደብተሯ መካከል አስገባችው። ደሳለ ከኋላዋ «የቀረውን አልነካውም፣ ለመሪጌታ ንገሪልኝ» ሲል ሰማችው። ዞራ አላየችውም።

አባቷ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ደብተሯን ከፍታ ቅርንጫፉን አሳየቻቸው፤ ከዚያም ያየችውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። መሪጌታ የበሩን መቃን ያዙ።

«ስንቱ ቀረ?»

«አንድ።»

«እግሬን ከታመምኩ ወዲህ ሁለት ዓመት አልወረድኩም» አሉ። «የኔታ ሲያሳዩኝ አምስት ነበሩ። አምስት።» ዓይናቸው እርጥብ ሆነ። ትሕትና አሁን «ተሳስቼ ነበር» ይላሉ ብላ ጠበቀች። ቢሉ ኖሮ ሁሉንም ትረሳው ነበር።

«ነገ መምህርሽ ለምን አላዩትም ካሉሽ ምን ትመልሻለሽ?» አሉ ግን።

«አላውቅም።»

«አላዩትም፣ አመለጣቸው በያቸው። ሐሰት አይደለም። በእርግጥም አላዩትም።»

ይህ ከመጀመሪያው ባሰባት። የመጀመሪያውን የዋሹት ለሐረጉ ብለው ነው። ይህኛው ለራሳቸው ስም ነው፤ የሚዋሸው ደግሞ በእሷ አፍ ነው።

«ዝም ባይነቅዝም፣ አባዬ፣ ወይራው ተቆርጧል» አለችና ምሳዋን ሳትበላ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

ሐሙስ ዕለት ቅርንጫፉ የመምህር አረጋ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። መምህሩ ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው ቅጠሉን አንድ በአንድ እያገላበጡ ቆጠሩ። ልጆቹ ተደራርበው ከበቧቸው፤ «ሦስት… ይሄም ሦስት… ኧረ ሁሉም ሦስት ነው!» እያሉ። የማክሰኞው ሳቅ የት እንደገባ አልታወቀም።

«አቢሲኒከም ነው» አሉ መምህር አረጋ ቀስ ብለው። ከዚያም ቀና አሉ። «ቅርንጫፉን አምኛለሁ። አሁን ሁለተኛውን ንገሪኝ። ከላስታ ከሆነ የመጣው፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች አገሩን ሲዞሩ እንዴት አላዩትም?»

ባንቺዓለም ከመምህሩ ኋላ ቆማ በከንፈሯ ብቻ «አመለጣቸው በይ! በቃ!» አለቻት። ራሷን የሚያስቀር ምክር እየመከረቻት ነው፤ ደግነቷ ጊዜውን አላወቀም።

ትሕትና ሁለቱንም መልስ አፏ ላይ ቀመሰችው። እውነቱን ብትናገር፣ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ እንግዳ አታለሉ የሚለው ወሬ ጀምበር ሳትጠልቅ ደብሩ ይደርሳል፤ ዜማ የሚያስተምሯቸው ልጆችም ይሰሙታል። አመለጣቸው ብትል ደሴ ትሄዳለች፤ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ያንገበገባትን ነገር ራሷ አድርጋ ነው የምትሄደው። ያኔ ነው ንዴቷ መልኩን የለወጠው። ለምን እሷ? ያደረጉት ሰው በሕይወት አሉ፣ አፍ አላቸው፣ ቤታቸውም ይታወቃል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በእሳቸው ፋንታ ለምን ትዋሻለች? በእሳቸው ፋንታስ ለምን ትናዘዛለች?

«ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ ቲቸር» አለች። «የምናገረው ግን እኔ አይደለሁም። አባቴ ናቸው የሚናገሩት። ቅዳሜ ቤታችን ይምጡና እሳቸውን ይጠይቋቸው። ሐረጉም አንድ ብቻ ነው የቀረው፤ ሄደው ይዩት፣ ካርታው ላይም ይግባ።»

«ስም የሚለጠፈው ነገ ነው፣ ትሕትና።»

«አውቃለሁ።»

መምህር አረጋ ማጉያ መነጽራቸውን ወደ መሳቢያው መለሱ። ከዚያ አሮጌ ጋዜጣ አመጡና ቅርንጫፉን እንዳይሰበር ተጠንቅቀው በመካከሉ አስተኙት። «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት እመጣለሁ» አሉ።

አርብ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ስም ባንቺዓለም ነው። ባንቺዓለም አልዘለለችም፣ አልጮኸችም፤ ትሕትናን ፈልጋ አገኘቻትና ክንዷን ያዘች። «ምን አለበት ነበር? አንድ ቃል እኮ ነው! አንቺ ደግሞ ግትር ነሽ።»

«ነኝ» አለች ትሕትና። ጓደኛዋን አቀፈቻት፤ ደስ ያላት መምሰል ግን አልቻለችም። ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች።

አባቷ ግድግዳውን እየመረጉ ነበር። ፊቷን ሲያዩ እጃቸው ግድግዳው ላይ ቀረ።

«ስምሽ ወጣ?»

«አልወጣም። የወጣው የባንቺዓለም ነው።»

«ቅርንጫፉን አልተቀበሉሽም?»

«ተቀብለውኛል። ለምን እንዳልታየ ጠየቁኝ።»

«ያልኩሽን አላልሽም?»

«አላልኩም። መንገዱ ተንዷል ብለው እንዳሳለፏቸውም አልተናገርኩም» አለች። «ያደረጉት እርስዎ ነዎት፣ አባዬ። የሚናገሩትም እርስዎ ነዎት። ነገ ቲቸር አረጋ ይመጣሉ። ሰላም ብያቸው እገባለሁ፤ አንዲት ቃል አልጨምርም።»

ቁጣ ጠበቀች። አልመጣም። መሪጌታ በእጃቸው የያዙትን ጭቃ አላስተዋሉትም፤ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ክርናቸው ይወርዳል። ግማሹ የተመረገውን ግድግዳ ትተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ያ ይረፍዳል» አሉ አባቷ። «በዚህ እግሬ ቅል ውኃ ወርዶ መመለስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አሥራ ሁለት ሰዓት ይምጡ በያቸው።»

ትሕትና ቦርሳዋን ደፉ ላይ አስቀምጣ ወደ መምህር አረጋ ቤት ሄደች።